የኖታ ርዝመት ለመቀየር የትኛው ሶፍትዌር ያዋጣል? ደሴ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ዜማ ከጆሮ ወደ ወረቀት የሚያወርድ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ድምፅ በመፈለግ አይደለም። ርዝመት በማስተካከል ነው።

የአምባሰልን ቅኝት እንውሰድ። አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከሲ ከተነሳን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ጆሮው የቀና ልጅ ቶሎ ይይዛቸዋል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ኤፍ ስንት ቆየ? ሩብ ኖታ ነው ወይስ ባለ ነጥብ ሩብ (በግማሹ የረዘመ ሩብ)? ዘፋኟ ዛሬ ብቻ ስባው ነው ወይስ ሁሌም እዚያ ቦታ ላይ ይሳባል? ትጽፋላችሁ፣ ታዳምጣላችሁ፣ ትቀይራላችሁ። ደግማችሁ ታዳምጣላችሁ፣ ደግማችሁ ትቀይራላችሁ።

ስለዚህ የኖታ ሶፍትዌር ስትመርጡ «ገጹ ያምራል ወይ?»፣ «ስንት መሣሪያ አለው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። አንድ ኖታ ሳስረዝም ወይም ሳሳጥር ጎረቤቶቹን ምን ያደርጋቸዋል? የምርጫው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደረስበታል።

የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ ሆናችሁ ለባህል ቡድን፣ ለመዘምራን ወይም ለራሳችሁ ኖታ ለምትጽፉ ነው። ብዙዎቻችሁ ያላችሁ መካከለኛ ላፕቶፕ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ምክሬ ይህን ሁሉ ያሰበ ነው።

ሁለቱ ጠባዮች

አንድ ሜዠር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለ የምት ክፍል) በስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም ስድስት ስምንተኛ ኖታ በሚይዝ ምት፣ ጻፉ፦ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። የችክችካው አነካከስ ይኸው ነው። አሁን የመጀመሪያውን ሩብ ወደ ስምንተኛ ቀይሩት።

አንደኛው ዓይነት ሶፍትዌር ሌሎቹን ኖታዎች ከቦታቸው አያነቃንቅም። ባሳጠራችሁት ኖታ ፋንታ የተረፈውን ክፍተት በስምንተኛ ሬስት (የዝምታ ምልክት) ይሞላዋል። በተቃራኒው ሁለተኛውን ኖታ፣ ማለትም ስምንተኛውን፣ ወደ ሩብ ብታስረዝሙት ቀጥሎ ያለውን ሩብ ይበላዋል። ከተበላው የተረፈችውን ደግሞ ሬስት ያደርጋታል። ይህን ጠባይ «የሚደርብ» እንበለው። ሙዝስኮር እና ሲቤሊየስ ሲከፈቱ እንዲህ ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት የቀሩትን ይገፋል ወይም ይስባል። አንዱን ስታሳጥሩ ከኋላው ያሉት ሁሉ ጠጋ ይላሉ። ስታስረዝሙ ፈቀቅ ይላሉ። ይህን «የሚገፋ» እንበለው። ዶሪኮ ይህን ጠባይ በአንድ ቁልፍ ይከፍትላችኋል። ሊሊፖንድ እና ኤቢሲ ደግሞ ኖታው በፊደልና በቁጥር የሚጻፍባቸው ስለሆኑ ከመጀመሪያውም ሌላ ጠባይ የላቸውም።

የትኛው ይሻላል? በሥራው ነው። ዜማው ተጽፎ አልቆ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ስህተት ካለ የሚደርበው ይሻላል። ሌላውን አይነካባችሁም። ገና ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር ቁጭ ብላችሁ ሐረጉን እያበጃችሁ ከሆነ ግን የሚገፋው ያሳርፋል። በመሃል አንዲት ኖታ በረዘመች ቁጥር ከኋላዋ ያለውን መስመር እንደ አዲስ መጻፍ ያስመርራል።

ሙዝስኮር፦ ለአብዛኛው ሰው

ነፃ ነው። ኮዱም ክፍት ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደሴ ላይ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ሌላ ነገር አስቀድሜ አልመክርም።

ርዝመት የሚቀየረው በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ቁጥሮች ነው። 5 ሩብ ነው። 4 ስምንተኛ፣ 3 አሥራ ስድስተኛ፣ 6 ግማሽ፣ 7 ሙሉ። ነጥብ ለመጨመር የነጥብ ቁልፍ። የተጻፈውን ኖታ በማውስ ነክታችሁ ቁጥሩን መጫን ብቻ ነው። ሰዎች ኖታውን አጥፍተው እንደገና ሲጽፉ አያለሁ። አያስፈልግም።

ከቁጥሮቹ በላይ እኔ የምወዳቸው ሁለት ቁልፎች ግን ኪው እና ደብሊው ናቸው። ኪው የተመረጠውን ኖታ በግማሽ ያሳጥራል። ደብሊው እጥፍ ያደርገዋል። ቁጥር ማስታወስ የለም። እያዳመጣችሁ «አጠረ» ካላችሁ ደብሊው፣ «ረዘመ» ካላችሁ ኪው። ሺፍት ከተጨመረባቸው በባለ ነጥብ ኖታዎች በኩል ደረጃ በደረጃ ይሄዳሉ፦ ከሩብ ወደ ባለ ነጥብ ሩብ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ። ለእኛ ዜማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በስድስት ስምንተኛ ውስጥ ዋናው ምት ባለ ነጥብ ሩብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምንመላለሰው በእነዚህ መሃል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ከፍታችሁ ግጥም ስትጽፉ ከቆያችሁ ኪው እና ደብሊው አይታዘዙ ይሆናል። ፊደሉ ግዕዝ ሆኗል። ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። «ሶፍትዌሩ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ጥያቄ ውስጥ ብዙው ይኸው ነው።

ሙዝስኮር መግፋትም ይችላል። ኮንትሮልና ሺፍት ይዛችሁ የኖታውን ፊደል ስትጫኑ አዲሱ ኖታ በመሃል ይገባል። ከኋላ ያሉት ይገፋሉ። ነገር ግን የሚገፋው በዚያው ሜዠር ውስጥ ነው፤ ሜዠሩ ራሱ ይረዝማል። ስድስት ስምንተኛ የነበረው ሰባት ስምንተኛ ይሆናል። የተመረጠውን ክፍል በኮንትሮልና በዲሊት ስታወጡም እንዲሁ ሜዠሩ ያጥራል። ነፃ ምት ላለው ዜማ ይህ ጥሩ ነው። ምቱ ለተቆረጠ ዘፈን ግን ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ እንምጣ። ዜማውን በሙሉ በግማሽ ማሳጠር ወይም እጥፍ ማድረግ።

አንዲት ተማሪ የባቲ ዜማ በሦስት ለአራት ጽፋ ይዛ መጣች። ቴምፖው (ፍጥነቱ) በደቂቃ 180 ሩብ ኖታ ነበር። አብሮን አንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ተቀምጠዋል። አጫወተችላቸው። ዝም ብለው ሰሙ።

«ልጄ፣ ዜማው ልክ ነው» አሉ። «እግሩ ነው ያልሆነው።»

«የቱ ጋ፣ ጋሼ?»

መልስ አልሰጧትም። በእግራቸው ወለሉን መቱ። እሷ ሦስት ስትቆጥር እሳቸው የሚመቱት አንዴ ነው። ቀስ ያለ፣ ሁለት ሁለት የሚል ምት። ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱን ሜዠር እንደ አዲስ ስለሚጀምር ዜማው ይንጣል። መጻፍ የነበረበት በስድስት ስምንተኛ ነው። ሁለት የእሷ ሜዠር አንድ መሆን አለበት።

እንዲህ ነው ያደረግነው። በስድስት ስምንተኛ አዲስ ባዶ ፋይል ከፈትን። የድሮውን ዜማ በኮንትሮል ኤ ሁሉንም መርጠን ኮፒ አደረግን። አዲሱ ፋይል ላይ የመጀመሪያውን ሜዠር ነክተን ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኪው አንድ ላይ። ይህ ተራ ፔስት አይደለም። ሁሉንም በግማሽ አሳጥሮ የሚያስቀምጥ ፔስት ነው። ሩቡ ስምንተኛ ሆነ፣ ግማሹ ሩብ። 16 የነበረው ሜዠር 8 ሆነ። እጥፍ ለማድረግ ሲያስፈልግ በኪው ፋንታ ደብሊው ነው።

ቴምፖውን ግን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሩብ 180 የነበረው ባለ ነጥብ ሩብ 60 ይሆናል። ፍጥነቱ አንድ ነው። ሦስት ሩብ በ180 አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ባለ ነጥብ ሩብም በ60 አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ተማሪዋ መልሳ አጫወተችው። ጋሼ በእግራቸው አብረው መቱ።

ይህን ሥራ ሁሉንም መርጦ ኪው በመጫን መሥራት የሚሞክር አለ። አይሆንም። እያንዳንዱ ኖታ በቦታው ሆኖ ስለሚያጥር በየመሃሉ ሬስት ይበተንበታል። ወይ አዲስ ፋይል ላይ ለጥፉ፣ ወይ ኮፒውን ይዛችሁ ከድሮው ዜማ ኋላ ባሉ ባዶ ሜዠሮች ላይ።

ስለ ሥሪቱ አንድ ቃል። ሙዝስኮር 4 በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ ነው። ከሦስተኛው ይከብዳል። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ሙዝስኮር 3 ጋ ብትቆዩ ምንም አትጎዱም። ከላይ የነገርኳችሁ ሁሉ እሱም ላይ አለ። በ4 የተቀመጠ ፋይል ግን በ3 አይከፈትም። ቡድን ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጫኑ። ከሙዝስኮር ጋር የሚነገርላቸው ትልልቅ የድምፅ ፋይሎችም ለብቻ የሚወርዱ ናቸው፤ ኖታ ለመጻፍ አያስፈልጉም፣ ዳታችሁን አትጨርሱ። ፋይሉ በየደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥም በቅንብሩ ውስጥ አብሩት። መብራቱን እናውቀዋለን።

ዶሪኮ፦ ብዙ ለሚያስተካክል

ዶሪኮን የሠሩት ቀድሞ ሲቤሊየስን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ቢሯቸው ሲዘጋ ስታይንበርግ ቀጠራቸው። የመጀመሪያው ዶሪኮ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከባዶ ስለጀመሩ የኖታ ርዝመትን ያሰቡበት መንገድ ከሌሎቹ ይለያል።

በሙዝስኮርና በሲቤሊየስ ኖታ ማለት ቅርጹ ነው። ሩብ ጻፋችሁ፣ ሩብ ነው። በዶሪኮ ኖታ ማለት ቆይታው ነው። በምን ቅርጽ እንደሚታይ የሚወስነው ያለበት ሜዠር ነው። ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። በሦስት ለአራት አንድ ግማሽ እና አንድ ሩብ ጻፉ። አሁን ሜዠሩን ወደ ስድስት ስምንተኛ ቀይሩት። ጠቅላላ ርዝመቱ እኩል ነው። ዶሪኮ ግማሹን ኖታ ባለ ነጥብ ሩብ ያደርገውና ከአንድ ስምንተኛ ጋር በታይ (ሁለት ኖታን እንደ አንድ በሚያያይዝ ቅስት) ያስረዋል። የሜዠሩ ሁለተኛ ምት የት እንደሚጀምር አንባቢው በዓይኑ ያያል። እናንተ ምንም አልነካችሁም። ሙዝስኮር ላይ ይኸው ለውጥ ግማሹን እንደ ግማሽ ይተወዋል። ለማስተካከል ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ሪትሙን መልሶ የሚቦድነውን ትእዛዝ መጥራት አለባችሁ።

የወሎን ዜማ ለሚጽፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ለአራት ነው ስድስት ስምንተኛ የሚለው ክርክር በየዘፈኑ አለ። ከበሮው በአንዱ፣ ማሲንቆው በሌላው የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ወስናችሁ ሳትጨርሱ መጻፍ የምትችሉበት ሶፍትዌር ዶሪኮ ነው።

ቁጥሮቹ ላይ ተጠንቀቁ። ሩብ እዚህ 6 ነው። ስምንተኛ 5፣ ግማሽ 7። ከሙዝስኮር በአንድ ይዘላል። ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው ጣቱ ይምታታበታል። በተረፈ ሺፍትና ኦልት ይዞ የቀኝ ቀስት መጫን ኖታውን በትንሽ በትንሹ ያስረዝመዋል፤ የግራው ያሳጥረዋል። ምን ያህል በምን ያህል እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ። ኮንትሮል ከተጨመረበት እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል።

ትልቁ ነገር ግን የአይ (I) ቁልፍ ነው። መግፋትን ያበራል። እሱ በርቶ አንዱን ኖታ ስታስረዝሙ ከኋላ ያለው ዜማ ሁሉ ይገፋል። እንደ ሙዝስኮር ሜዠሩን አያስረዝምም። ኖታዎቹ ወደሚቀጥለው ሜዠር ይሻገራሉ። መስመሩን የሚያቋርጠው ራሱ በታይ ይታሰራል። ከጨረሳችሁ በኋላ ማጥፋት እንዳትረሱ። በርቶ ከቀረ የማትፈልጉት ክፍል ሲንሸራተት ታገኙታላችሁ። ቅርጹ እንዲህ ይቀመጥልኝ፣ አትንኩብኝ የምትሉት ኖታ ካለ ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት የኦ ቁልፍን ተጫኑ። ዶሪኮ እንደጻፋችሁት ይተወዋል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ዶሪኮ አይጠቀምም? ይከብዳል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያንቀረፍፋል። ነፃው ዓይነት አለ፤ የተጫዋች ቁጥር ይገድባል፣ ለማስጀመርም ኢንተርኔትና አካውንት ይፈልጋል። የሚከፈልበት ደግሞ ክፍያው በውጭ ገንዘብ ነው። ይህ ለእኛ ከዋጋው በላይ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በነፃው ጀምሩ። ለአንድ ድምፅ፣ ለማሲንቆና ለክራር ይበቃል።

ሲቤሊየስ፦ ከስቱዲዮ ጋር ለሚሠራ

የድሮ ስም ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ብዙ የሙዚቃ ሰው እሱን ለምዷል። አዲስ አበባ ካለ አቀናባሪ ጋር ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነና እሱ ሲቤሊየስ ከያዘ፣ እናንተም ብትይዙት ነገር ይቀላል።

ርዝመት የሚቀየረው በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ ነው። 4 ሩብ፣ 3 ስምንተኛ፣ 2 አሥራ ስድስተኛ፣ 5 ግማሽ፣ 6 ሙሉ። ነጥቡ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያለው ነጥብ ነው። ሬስት 0 ነው፣ ታይ ደግሞ ኢንተር። ቀኝ እጅ ከሰሌዳው ሳይነሳ ሁሉንም ይሠራል። የለመደ ሰው ሲጽፍ ቆማችሁ ብታዩት ይገርማችኋል። ለአንድ ለአንድ ኖታ ማስተካከል ከእሱ የሚፈጥን አላየሁም።

ችግሩ ላፕቶፕ ነው። አብዛኛው ትንሽ ላፕቶፕ ያ ሰሌዳ የለውም። ሲቤሊየስ ለላፕቶፕ የተዘጋጀ የቁልፍ አደራደር አለው፤ ከቅንብሩ ውስጥ መምረጥ ነው። ግን ውበቱ ይቀንሳል። ዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ብታገኙ ግዙ። ለዚህ ሥራ ከአዲስ ማውስ ይበልጣል።

ሙሉ ዜማ ለማሳጠር ወይም እጥፍ ለማድረግ የተዘጋጁ ፕለግኢኖች (ተጨማሪ መሣሪያዎች) ውስጡ አሉ። ይሠራሉ። ግን ከሙዝስኮር ፔስት ይልቅ መንገዱ ረጅም ነው። ነፃው ሲቤሊየስ እስከ 4 መስመር ብቻ ይፈቅዳል። ለድምፅ፣ ለማሲንቆ፣ ለክራርና ለዋሽንት ይበቃል። ከበሮ ሲጨመር አይበቃም።

ፊናሌ፦ አዲስ አትጀምሩበት

አጭር ነው ምክሬ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሠሪው ድርጅት ከ35 ዓመት በኋላ ልማቱን እንዳቆመ አስታውቋል። በፊናሌ የተጻፈ የቆየ ሥራ ያላችሁ ግን አሁኑኑ፣ ሶፍትዌሩ እየተከፈተ ሳለ፣ ሁሉንም በሙዚክ ኤክስኤምኤል (ኖታን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው በሚያሻግር የፋይል ዓይነት) አውጡት። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም ይከፍቱታል። የዜማ መዝገብ በአንድ ድርጅት ዕድሜ ላይ መንጠልጠል የለበትም። በተለይ ዘፋኙ ያረፈበት ዜማ ሲሆን።

በጽሑፍ የሚሠሩት፦ ሊሊፖንድ እና ኤቢሲ

እነዚህን ሰው ይፈራቸዋል። አብሽሩ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሊሊፖንድ ላይ ኖታውን በፊደል፣ ርዝመቱን ከፊደሉ ኋላ በቁጥር ትጽፋላችሁ። ቁጥሩ ራሱ ርዝመቱ ነው። 4 ሩብ፣ 8 ስምንተኛ፣ 2 ግማሽ፣ 1 ሙሉ። የሙዝስኮርን 5 እና የዶሪኮን 6 በቃል የያዘ ሰው እዚህ ሲመጣ ይተነፍሳል። አንዴ 8 ከጻፋችሁ ሌላ ቁጥር እስክትጽፉ ድረስ የሚከተሉት ሁሉ ስምንተኛ ናቸው። ይህ ትየባ ያሳጥራል። ነገር ግን አንዱን ስትቀይሩ ከኋላው ያለቁጥር የተጻፉት ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። የቀጣዩን ኖታ ቁጥር መጻፍ አትርሱ።

ሙሉ ዜማ መቀየር ላይ ሊሊፖንድን የሚያህል የለም። «ሺፍት ዱሬሽንስ» የሚል ትእዛዝ አለው። ከዜማው ፊት 1 እና 0 ብላችሁ ስትሰጡት ሁሉም በግማሽ ያጥራል። በ1 ፋንታ ከዜሮ በታች አንድ ብትሰጡት እጥፍ ይሆናል። ያ 0 ስለ ነጥብ ነው። የጻፋችሁት ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል፤ ትእዛዙን ስታነሱ ዜማው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጽሑፉን ራሱን መቀየር ከፈለጋችሁ ደግሞ ፍሬስኮባልዲ የሚባለው ነፃ መጻፊያ ሪትም የሚል ዝርዝር አለው። የመረጣችሁትን እጥፍ ያደርጋል፣ ግማሽ ያደርጋል፣ ነጥብ ይጨምራል፣ ነጥብ ያነሳል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተርም ያስነሳቸዋል።

ጉዳቱ እያዳመጡ ማስተካከል ነው። ጽፋችሁ፣ አስኬዳችሁ፣ ገጹን አይታችሁ ነው የምታውቁት። ከዘፋኝ ጋር ተቀምጦ ዜማ ለመያዝ አይመችም። የተያዘ ዜማ አጽድቶ ለማተም ግን እጅግ ያምራል።

ኤቢሲ ከዚህም ይቀላል። ለሕዝብ ዜማ ተብሎ የተሠራ አጻጻፍ ነው። ከላይ በመግቢያው ላይ «ኤል» የምትል መስመር አለች። መነሻው ኖታ ስንት እንደሆነ የምትናገር እሷ ናት። አንድ ስምንተኛ ካለች ያለቁጥር የተጻፈ ፊደል ስምንተኛ ነው፤ ከኋላው 2 ካለው ሩብ፣ 3 ካለው ባለ ነጥብ ሩብ። አሁን ያቺን መስመር ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ቀይሯት። ዜማው በሙሉ በግማሽ አጠረ። አንድ መስመር ብቻ ነው የነካችሁት። የሜዠሩን ዓይነት የምትናገረውን «ኤም» የምትለዋን መስመርም አብራችሁ አስተካክሉ።

ሌላም ጥቅም አለው። የአንድ ዜማ ኤቢሲ አንድ የቴሌግራም መልእክት ውስጥ ይገባል። ፋይል መጫን የለም። ሐይቅ ያለ ሰው ደሴ ላለ ሰው በጽሑፍ ይልክለታል፤ ያኛው ገልብጦ ይከፍተዋል። ለአንድ መስመር ዜማ ማኅደር ለማበጀት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለብዙ መሣሪያ ቅንብር ግን አትሞክሩት፤ ይወሳሰባል።

ምት ለሌለው ዜማ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት በሌላው ዓለም መመሪያ ውስጥ ስለማታገኙት ነው።

መንዙማ ብዙ ጊዜ ድቤው (ከበሮው) ሳይገባ ይጀመራል። መሪው ለብቻው በነፃነት ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበለዋል፣ ምቱ ኋላ ይመጣል። የማሲንቆ ትዝታ አገባብም እንዲሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። እነ ይዘት፣ እነ ርክርክ የድምፁን አያያዝ ያመለክታሉ እንጂ በሩብና በስምንተኛ አይለኩም። እንዲህ ያለውን በአራት ለአራት ሜዠር ውስጥ ማጨቅ ዜማውን መጉዳት ነው። በየሜዠሩ መጨረሻ ታይ እያሰራችሁ ትኖራላችሁ። የሚያነበውም ሰው የሌለ ምት ያነባል።

ዶሪኮ ላይ ሺፍትና ኤም ተጭናችሁ ኤክስ ጻፉ። ሜዠር የሌለው ክፍት መስመር ይሰጣችኋል። የፈለጋችሁትን ያህል ኖታ አስረዝሙ፣ አሳጥሩ፣ የሚቆርጠው የለም። የእስትንፋሱ ቦታ ላይ የሜዠር መስመር በእጃችሁ ታስቀምጣላችሁ። ድቤው ሲገባ ስድስት ስምንተኛ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ይቆጠራል። ሊሊፖንድ ላይ «ካዴንዛ ኦን» የሚለው ትእዛዝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሲያበቃ «ካዴንዛ ኦፍ»። ሙዝስኮር ላይ ይህን የሚያህል ምቹ መንገድ የለም። ግን ቅድም ያነሳነው ሜዠሩን የሚያስረዝመው ማስገባት እዚህ ይጠቅማል። የሜዠሩን ትክክለኛ ርዝመትም ከሜዠር ቅንብሩ ውስጥ በቁጥር መስጠት ትችላላችሁ። ሲቤሊየስ ላይ ነፃ ምት ለመጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አልመክርም።

ስለዚህ ሥራችሁ መንዙማና እንጉርጉሮ ከሆነ ዶሪኮን ቅድሚያ ስጡት፣ ኮምፒውተራችሁ ካልቻለው ሊሊፖንድን። ሥራችሁ የመድረክ ዘፈንና የባህል ቡድን ቅንብር ከሆነ ሙዝስኮር ይበቃችኋል።

በሙዚቃ ኪቦርድ እየተጫወታችሁ የምታስገቡ

ሰው ሲጫወት እንደ ማሽን አይጫወትም። ሩብ ብላችሁ የተጫናችሁት ኖታ ባለ ነጥብ ስምንተኛና አሥራ ስድስተኛ ሬስት ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ አንድ በአንድ ማረም ነው። ዶሪኮ የተመረጠውን ክፍል እንደገና የሚያጠጋጋ ትእዛዝ አለው። ሲቤሊየስም ለዚሁ የሚሆን ፕለግኢን አለው። እኔ ግን ቀጥታ መቅዳትን ለወሎ ዜማ አልወደውም። የዘፋኙ መሳብና ማቀበጥ በሙሉ እንደ ስህተት ይጻፋል ወይም በሙሉ ይታጨዳል። በደረጃ፣ ኖታ በኖታ ማስገባት ይሻላል፤ የትኛው መሳብ የዜማው እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ ትሆናላችሁ።

ስልክ ብቻ ላለው

የሙዝስኮር የስልክ አፕ ማንበቢያ ነው፤ ኖታ አይጻፍበትም። ብዙ ሰው አውርዶት ይበሳጫል። ዶሪኮ በአይፓድ ይሠራል። በድረ ገጽ የሚከፈቱት ፍላት እና ኖትፍላይት በስልክም ይሞከራሉ፣ ግን ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራችሁ ይቆማል። ስልክ ብቻ ካላችሁ ኤቢሲን ተማሩ። ለመጻፍ ማስታወሻ መያዣው ራሱ ይበቃል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ስትደርሱ ወደ ገጽ ይቀየራል።

ከመወሰናችሁ በፊት

ስምንት ሜዠር የሆነች የምታውቋትን ዜማ ውሰዱ። በሁለት ሶፍትዌር ጻፏት። ሦስት ነገር አድርጉ፦ በመሃል ያለችን አንዲት ኖታ እጥፍ አድርጉ፣ ከአራተኛው ሜዠር በኋላ ያለውን በሙሉ በአንድ ስምንተኛ ወደ ኋላ ግፉ፣ ከዚያ ዜማዋን በሙሉ በግማሽ አሳጥሩ። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ያሰኛችሁን ጫኑ። ሁለተኛው ላይ የሚያስቸግራችሁ ሶፍትዌር ከሆነ ግን፣ ሐረግ በማበጀት የምትውሉ ከሆናችሁ፣ ነፃ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ በየወሩ የጻፋችሁትን በሙዚክ ኤክስኤምኤል እያወጣችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ርዝመቶቹ፣ ነጥቦቹና ታዮቹ አብረው ይሄዳሉ። ነገ ሶፍትዌር ብትቀይሩ ዜማውን ከባዶ አትጽፉም።